ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ

በ1970 የፈረንጆች ገና ዕለት ቢል ዊልሰን ሦስት መለኪያ ውስኪ እንዲሰጡት ጠየቀ። የ75 ዓመት ሰው ነበር፤ ሲጋራ ሳንባውን ጨርሶበት አልጋ ላይ ውሏል። በቀጣዩ ጃንዋሪ 2፣ 8 እና 14 ቀን ደግሞ ጠየቀ። አልሰጡትም። ጃንዋሪ 24 ቀን 1971 ማያሚ ውስጥ ሲሞት አልኮል ከቀመሰ 36 ዓመት አልፎት ነበር። ይህን የምናውቀው አስታማሚው ነርስ በየዕለቱ የጻፈው ማስታወሻ ሳይጠፋ ስለቆየ፣ ደራሲዋ ሱዛን ቺቨርም በ2004 ባሳተመችው የዊልሰን የሕይወት ታሪክ ውስጥ ስላስገባችው ነው።

ዊልሰን በመጠጥ የሚቸገሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበትን አልኮሊክስ አኖኒመስ የተባለ ማኅበር ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። የእንዲህ ያለውን ሰው ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያቺ የነርስ ማስታወሻ እጁ ስትገባ ምን ያደርጋታል? ፈሪው ይተዋታል፤ የሞተን ሰው ምን አስወቀሰኝ ይላል። ቸኳዩ መጀመሪያው ገጽ ላይ ይለጥፋታል (ይህ ጽሑፍም ከእሷ መጀመሩ ፈተናው ቀላል አለመሆኑን ያሳያል)። ቺቨር ያስቀመጠቻት በቀኗ ነው፤ አንባቢው የሰውየውን ሙሉ ዕድሜ አብሮት ከኖረ በኋላ። እዚያ ቦታ ላይ ስትነበብ ቅሌት አትመስልም። ዊልሰን ራሱ ሱሱ ይገታል እንጂ አይድንም እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖሯል፤ ማስታወሻዋም ይህንኑ በሰውየው ገላ ላይ ታሳያለች።

የማገገም ንቅናቄዎች ታሪክ አንድ ለየት ያለ ጠባይ አለው፤ ኃጢአትን አይደብቅም። እንዲያውም ያበዛዋል። ዊልሰን የተቸገረች ሚስቱን ቦርሳ እየፈተሸ ገንዘብ ይሰርቅ እንደነበረ የነገረን ማኅበሩ በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ራሱ ነው። የሚደበቀው ሌላ ነው፤ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ የተሠራው ጥፋት። የአማርኛ አንባቢ ይህን አካሄድ ያውቀዋል። በላዔ ሰብእ ሰባ ስምንት ሰው መብላቱ በግልጽ ይነገራል፤ ለተጠማው ሰው ጥርኝ ውኃ ከሰጠ በኋላ ግን ታሪኩ ረጅም ዕድሜ የለውም። ጥርኙን ውኃ ሰጥቶ ሌላ ሠላሳ ስድስት ዓመት ቢኖር፣ ትዳር ቢይዝ፣ ገንዘብ ቢያስተዳድር፣ ከባልንጀሮቹ ቢጣላ ኖሮ ተራኪው ምን ያደርግ ነበር?

የዊልሰን ታሪክ ጸሐፊዎች የገጠማቸው ይኸው ነው። ዊልሰን ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው በዲሴምበር 1934 ሲሆን፣ በዚያው ሰሞን ኒው ዮርክ ታውንስ ሆስፒታል ውስጥ ተኝቶ ሳለ ክፍሉን የሞላ ነጭ ብርሃን አየ። ንቅናቄው የሚተርከው ብርሃኑን ነው። ሐቀኛ ጸሐፊ በዚያው አንቀጽ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ሆስፒታሉ ለጠጪዎች ይሰጥ የነበረው መድኃኒት ቤላዶና የሚባል፣ የሌለ ነገር ሊያሳይ የሚችል ዕፅ ያለበት ነበር። ይህን መጨመር ብርሃኑን ውሸት አያደርገውም። ሰውየው ከዚያ ወዲያ አልጠጣም። ዝም ማለት ግን አንባቢን ማታለል ነው።

ኤልኤስዲ የተባለው፣ የሌለ ነገር የሚያሳይ ዕፅ ነገርም እንደዚሁ ነው። ዊልሰን ዕፁን በ1956 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሐኪም ክትትል ወሰደ፤ ተስፋ ለቆረጡ ጠጪዎች መንፈሳዊ መነቃቃት ያመጣል ብሎም ለጥቂት ዓመታት አመነበት። የማኅበሩ ሰዎች ደነገጡ። ዛሬ “መሥራቹ ኤልኤስዲ ወሰደ” ብሎ በነጥብ የሚዘጋ ጸሐፊ አንዲት የተሳሳተ ቃል ሳይጽፍ ይዋሻል፤ ኤልኤስዲ በዚያን ጊዜ በሕግ ያልተከለከለ፣ ሐኪሞች የሚመራመሩበት ነገር ነበርና። ዐውዱ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባት አለበት፤ ሦስት ገጽ ቆይቶ ቢመጣ የሚያስታውሰው የለም።

ከትዳሩ ውጭ ስሙ ወደሚነሳባቸው ሴቶች ሲደርስ ሥራው ይከብዳል። ሐሜቱ ብዙ ነው፣ ወረቀቱ ጥቂት። ማኅበሩ ራሱ በ1984 ያሳተመው የዊልሰን ታሪክ፣ “ፓስ ኢት ኦን”፣ ኤልኤስዲውንም ከ1944 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል የቆየበትን የመንፈስ ጭንቀትም ሳይሸሽግ ተናግሮ እዚህ ሲደርስ ዝም ይላል። በ2000 መጽሐፉን ያወጣው ፍራንሲስ ሃርቲገን የዊልሰን ሚስት የሎይስ ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። እሷ በ1988 ከሞተች በኋላ ጻፈ፤ ጻፈም፣ አልሸፈነም። ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ክፍል ግን ወሬው አይደለም፣ ገንዘቡ ነው። ዊልሰን ራሱ ከጻፋቸው መጻሕፍት ሽያጭ ከሚያገኘው ድርሻ አሥር በመቶው ከእሱ ሞት በኋላ ለወዳጁ ለሔለን ዊን፣ ዘጠና በመቶው ደግሞ ለሎይስ እንዲሆን ወስኖ ነበር። ወሬ ያጋንናል፣ ያሳንሳል፤ የተፈረመ ወረቀት ላይ ያለ አሥር በመቶ ግን ያው አሥር በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ጸሐፊው በግምት ባይሞላው መጽሐፉ አይጎድልበትም።

አንዳንዴ ደግሞ ስንጥቁ ያለው በጠባይ ላይ ሳይሆን በቀን ላይ ነው። ማኅበሩ ልደቱን የሚያከብረው ጁን 10 ቀን 1935 ብሎ ነው፤ ሁለተኛው መሥራች ዶክተር ቦብ ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ቀን ማለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ይነገራል፦ ሐኪሙ አትላንቲክ ሲቲ ለአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ ሄደ፤ ሰክሮ ተመለሰ፤ ለጥቂት ቀናት በቤቱ ያሉ ሰዎች አስታመሙት፤ ቀዶ ሕክምና በነበረበት ማለዳ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ዊልሰን አንድ ቢራ ሰጠው፤ በዚያው አበቃ። ጥያቄው የመጣው አንድ ሰው የጉባኤውን ቀን ፈልጎ ሲያይ ነው። ጉባኤው የተከፈተው ጁን 10 ነው። ሰው ሄዶ፣ ሰክሮ፣ ተመልሶ፣ ታስታሞ በመክፈቻው ቀን መጠጥ ሊያቆም አይችልም። ብዙ ተመራማሪዎች ጁን 17ን ይመርጣሉ። ሰባት ቀን ለማንም ምንም አይለውጥም ይባል ይሆናል፤ ግን ዊልሰን ታሪክን የሚናገረው ለትምህርት እንዲመች አድርጎ መሆኑን ያሳያል። ዊልያም ሻበርግ በ2019 ባሳተመው ጥናት የ1939ኙን መጽሐፍ አጻጻፍ በዘመኑ ደብዳቤዎችና ረቂቆች እየመዘነ ይህንኑ ደጋግሞ አሳይቷል፤ ዊልሰን በኋላ ዘመን የተረከውና ወረቀቱ የሚለው ብዙ ቦታ አይገጥሙም።

ታዲያ ጉድለቱን መቁጠር ብቻውን የሕይወት ታሪክ አይሆንም። ጉድለቱ በሥራው ላይ ምን አደረገ የሚለው ካልተመለሰ ዝርዝር ነው የሚሆነው። ዊልሰን ዝና ይወድ ነበር፤ ትልቅ ሰው መሆን ይፈልግ ነበር፤ ይህንንም ያውቅ ነበር። በ1950 ክሊቭላንድ ላይ የጸደቁት የማኅበሩ አሥራ ሁለት ልማዶች በመገናኛ ብዙኃን ፊት ስም መግለጽን ይከለክላሉ፣ ከውጭ ሰው ገንዘብ መቀበልን ይከለክላሉ፣ መሪዎችን አገልጋዮች እንጂ ገዢዎች አይደሉም ይላሉ። በ1954 የል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሊሰጠው ሲል አልቀበልም አለ። በ1955 ሴንት ሉዊስ ላይ ሥልጣኑን ለማኅበሩ ጉባኤ አስረከበ። ይህን በትሕትናው የሚያስረዳ ጸሐፊ ተሳስቷል። አጥሩን ያጠረው ራሱን ስለሚያውቅ ነው፤ ሰውየውን ለማክበር ከዚህ የተሻለ መንገድ ይኖር አይመስልም። ኧርነስት ከርትስ የማኅበሩን ቤተ መዛግብት እንዲያይ ተፈቅዶለት በ1979 ያሳተመው “ኖት ጎድ” (አምላክ ያልሆነ) ስለ ሰው ልጅ ውሱንነት ይህን ያህል የሚጨነቀውም ለዚህ ነው።

የማርቲ ማን ታሪክም ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ1944 የአልኮል ሱስ በሽታ እንጂ ነውር አይደለም ብላ በአሜሪካ ብሔራዊ ድርጅት ያቋቋመች ሴት ናት። ሳሊና ዴቪድ ብራውን በ2001 ባሳተሙት ታሪኳ መጠጥ ካቆመች ከብዙ ዓመት በኋላ እንዳገረሸባትና ነገሩ በዝምታ እንደታለፈ ጻፉ። ማገርሸት የበሽታው ጠባይ ነው ብላ አገር ለአገር ስታስተምር የነበረች ሴት የራሷን መናገር አልቻለችም። ዝምታው ከማገርሸቱ ይበልጥ ታሪክ ነው።

ቻርልስ ዴደሪክ ግን ሌላ ነው። ከአልኮሊክስ አኖኒመስ ወጥቶ በ1958 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲናኖን የተባለውን የሱሰኞች ማገገሚያ የመሠረተው፣ ሄሮይን ተጠቃሚዎችን የሚቀበል ብዙም ባልነበረበት ዘመን ነው። ሰዎች ዳኑ። በ1965 ሆሊውድ ፊልም ሠራለት። አጥር የሌለው ድርጅት ነበርና መሪው ራሱ ሕጉ ሆነ፤ በ1970ዎቹ ወንዶች መካን የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና እንዲያደርጉ፣ ባለትዳሮችም ተለያይተው ሌላ እንዲይዙ አዘዘ። በኦክቶበር 1978 የድርጅቱ ሁለት አባላት ፖል ሞራንትዝ በሚባል ጠበቃ የፖስታ ሳጥን ውስጥ መርዘኛ እባብ ከተቱ፤ ጅራቷ ላይ ያለው፣ እያንቃጨለች የምታስጠነቅቅበት ቃጭል ተቆርጦ ነበር። ነደፈችው፤ ተረፈ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ፖሊስ ዴደሪክን አሪዞና ውስጥ ሊይዘው ሲሄድ ሰክሮ አገኘው። ይህን ሁሉ ሲከታተል የነበረው ፖይንት ሬይስ ላይት የተባለ ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ በ1979 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

እባቧ ያለችበት ታሪክ ራሱን ይጽፋል፤ ጸሐፊውን የሚያደክመው ከዚያ በፊት ያለው ሃያ ዓመት ነው። ሮድ ጃንዘን በ2001 ባሳተመው የሲናኖን ታሪክ የቀድሞ አባላትን ሲያነጋግር፣ እዚያ ቤት ባልገባ ሞቼ ነበር የሚሉም አሉ፣ ሕይወቴን ቀማኝ የሚሉም አሉ፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ የሚናገሩም አልጠፉም። ከሲናኖን አሠራር ብዙ የወሰዱት ዴይቶፕና ፊኒክስ ሃውስ በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ተቋቁመው ለአሥርት ዓመታት ሱሰኞችን ሲቀበሉ ኖረዋል። የዴደሪክን ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነዚያን በሮች ያንኳኩትንም፣ የሞራንትዝን የተነደፈ እጅም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል፤ የገጾቹንም ድርሻ የሚወስነው ራሱ ነው።