«ግሉተናማ ሩዝ» ስለሚለው ስያሜ

ለአስተያየት የቀረበልን የእርሻ ሳይንስ ቃላት ረቂቅ በብዙ ድካም የተዘጋጀ ለመሆኑ ገጾቹ ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ ስለ ሩዝ በሚናገረው ክፍል ሦስት ስያሜዎች እርማት የሚሹ ሆነው አግኝተናቸዋል።

የመጀመሪያው «ግሉተናማ ሩዝ» ነው። በላቲን «ግሉተን» ማለት ሙጫ ነው፤ ከዚሁ ሥር የወጣው የእንግሊዝኛ ቅጽል የሚገልጸው ሩዙ ሲበስል እርስ በርሱ መጣበቁን ብቻ ነው። ስሙ ግን በኋላ የስንዴ ፕሮቲን መጠሪያ ሆኗል፤ ይህም ፕሮቲን በሩዝ ውስጥ የለም። ግሉተን እንዳይቀምስ ሐኪም የከለከለው አንባቢ በዚህ ስያሜ ተሳስቶ ሊበላው የሚችለውን እህል ይተዋል። የተርጓሚ ስሕተት እስከ ማዕድ ይደርሳል ማለት ነው።

ሁለተኛው «ሰማማ ጂን» የሚለው ነው። ስሙ የወጣው የአንድ የበቆሎ ዓይነት ፍሬ ሲቆረጥ ውስጡ ሰም መስሎ ስለታየ ነው እንጂ ጂኑ ሰም ስለሚሠራ አይደለም። በሩዝ ስድስተኛ ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው ይህ ጂን አሚሎስ የተባለውን የስታርች ዓይነት ያስገኛል። በተጣባቂው ሩዝ ጂኑ ተግባሩን ስለማይፈጽም ስታርቹ ከሞላ ጎደል አሚሎፔክቲን ብቻ ይሆናል። ስለዚህም አዮዲን የተራውን ሩዝ ስታርች ጥቁር ሰማያዊ ሲያደርገው፣ የተጣባቂውን ቀላ ያለ ቡናማ ያደርገዋል። ረቂቁ ሁለቱን ስታርቾች «አሚዶ» በሚል አንድ ቃል መጠቅለሉ ይህን ሁሉ ይሰውራል።

ሦስተኛው፣ ተጣባቂው ሩዝ «በክሮሞሶም ቁጥሩ የተለየ ዝርያ» መባሉ ነው። እርግጥ ሎሬይሮ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1790 ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ መዝግቦት ነበር፤ ዛሬ ግን ከተራው የእስያ ሩዝ ጋር በአንድ ዝርያ ይመደባል። የሁለቱም ክሮሞሶም 24፣ ማለትም 12 ጥንድ ነው። ቁጥር ብቻውን ዝርያን አይለይም፤ ሌላ ዝርያ የሆነው የምዕራብ አፍሪካ ሩዝም 24 አለው። መጣበቅን የሚወስነው የክሮሞሶሙ ብዛት ሳይሆን የጂኑ ሁኔታ ነው።

እንግዲህ «ተጣባቂ ሩዝ»፣ «ዋክሲ ጂን» እንዲባል፤ «አሚሎስ» እና «አሚሎፔክቲን» ለየብቻ እንዲመዘገቡ፤ «ዝርያ» እና «ዓይነት»ም እንዲለዩ እናሳስባለን። ቃል መዋስ ነውር አይደለም፤ «ክሮሞሶም»ንም ተውሰናል። ነገር ግን የተዋስነው ቃል በቋንቋችን ውስጥ የሌለ ነገር እንዳለ አድርጎ የሚያሳይ ከሆነ፣ ጉዳዩን በራሳችን ቃል መግለጹ ይመረጣል።