ቡትቶ ይሻላል ባይዋ

በሰሜን እንግሊዝ ባትሊ ከተማ የሱፍ ሥዕል የምታስተምር አንዲት ባለሙያ አለች። ጀማሪ ተማሪዋ «ለስላሳ የሜሪኖ ሱፍ በየሱቁ ሞልቶ አሮጌ ካፖርት መቦጫጨቁ ለምን አስፈለገ?» ብላ ጠየቀቻት። የዚያ ቀን ትምህርት በዚሁ አለቀ።

ባለሙያዋ ግትር ናት፤ ስለ ባትሊ የሚሠራ ሥራ ባትሊን ካሳደጋት ዕቃ መውጣት አለበት ባይ ነች። ዕቃው ቡትቶ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1813 ቤንጃሚን ሎ የተባለ የከተማው ሰው ያረጀ የሱፍ ጨርቅ ዘነጣጥሎ፣ ከአዲስ ሱፍ ቀላቅሎ መፍተል ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ባትሊና ጎረቤቷ ዲውስበሪ የዓለምን ሰልባጅ እየሰበሰቡ ኖሩ። ጥርሳም ከበሮ ጨርቁን ቦጫጭቆ ወደ ባዘቶ ይመልሰው ነበር። ለፈትል ያልበቃው ብናኝ እንኳ አይጣልም ነበር፤ በዌክፊልድ ዙሪያ ለሩባርብ ማሳ ማዳበሪያ ይሆን ነበር።

የሜሪኖ ወዳጆች «የተቦጨቀ ሱፍ አጭር ነው፣ አይያያዝም» ይሏታል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከእንዲህ ያለ ጨርቅ የተሰፋ የወታደር ልብስ በዝናብ መበጣጠሱንም ያነሳሉ። ግማሹ እውነት ነው። በሱፍ ጸጉር ላይ ያሉ ጥቃቅን ቅርፊቶች በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ ተለብሶ፣ ታጥቦና ተዘንጥሎ ያለፈ ጸጉር ግን ይህ ጉልበቱ ደክሟል። ስለዚህ ከሥር ሸካራ አዲስ ሱፍ ታነጥፍና ቡትቶውን ከላይ ታሸዋለች። የባትሊ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ አዲስ ሱፍ ይቀላቅሉ ነበር።

የማትደራደረው በቀለም ነው። ጨርቁ በየቀለሙ ከተለየ መንከር ምን ያደርጋል? በሥዕሏ ላይ ያሉትን የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች ከጥቁር ካፖርት፣ ሰማዩን ከግራጫ ሹራብ ትሠራለች። ቀይ ካስፈለጋት ቀይ ልብስ እስኪገኝ ሥራው ይቆማል፤ ያዘዘ ሰውም ይጠብቃል።

ይህን የመለየት ልማድ የወረሰችው ከእናቷ ነው። እናቷ ከሕንድ ጉጃራት መጥተው በአንድ የባትሊ ፋብሪካ ቡትቶ ይለዩ ነበር። ስፌቱን ይቆርጣሉ፣ ቁልፉን ይነቅላሉ፣ ሱፉን ከጥጥ በጣታቸው ይለያሉ። የተጠራጠሩትን ክር በእሳት ይፈትናሉ፤ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል።

እናትየው የልጃቸውን ሥራ ሲያዩ ስለ ጥበቡ ብዙም አይሉም። ወደ አንዱ ጭስ ማውጫ ጠጋ ብለው «ይኸ ጥቁር አይደለም፣ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ መስኮት አጠገብ ሆነሽ ለዪ» ይሏታል።