የኦብጀክት ሐሳብና የኦብጀክት ማከማቻ፦ ከሉጋንዳ መዝገበ ቃላት አንጻር

የቋንቋ መረጃ በምን ዓይነት ማከማቻ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ዘወትር ለሶፍትዌር ባለሙያዎች ሲተው ይታያል። ዳሩ ግን ማከማቻው መረጃውን የሚከፋፍልበት መንገድ ራሱ ሥነ ልሳናዊ ትንታኔ ነው። በካምፓላና በአካባቢዋ የሚነገረው ሉጋንዳ ይህን በግልጽ ያሳያል።

«ኦሙንቱ» (ሰው)፣ «ኤኪንቱ» (ነገር) እና «አዋንቱ» (ስፍራ) «-ንቱ» የሚለውን ግንድ ይጋራሉ፤ የሚለያያቸው የስም መደባቸው ነው። መደቡ ቅጽሉንም ይገዛል፦ «ኦሙንቱ ኦሙሉንጊ» ጥሩ ሰው፣ «አባንቱ አባሉንጊ» ጥሩ ሰዎች። ቱልቦክስን በመሰለ የጽሑፍ መዝገብ ቃልን ከቃል የሚያያይዘው የአጻጻፍ መመሳሰል ነው፤ አጻጻፉ በአንድ ቦታ ሲታረም ዝምድናው ይበጠሳል። በኦብጀክት ኦሪየንትድ አቀራረብ ግን ግንዱም መደቡም የየራሳቸው መለያ ያላቸው ኦብጀክቶች ናቸው። ስለዚህ እርማቱ አንድ ጊዜ ይደረጋል፤ ዝምድናውም ይጸናል።

ይሁንና የሐሳቡ መልካምነት ለመያዣው ዋስትና አይሆንም። የሶፍትዌር ሠሪዎችም የፕሮግራም ክፍሎችን እርስ በርስ እንደተያያዙ ኦብጀክቶች በአንድ የጋራ ቋት ለማኖር ሞክረው ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኤክማ ያወጣው የፒሲቲኢ መስፈርት የዚሁ ጥረት ፍሬ ነው። አብዛኞቹ ግን ተራ የጽሑፍ ፋይልንና የለውጥ ታሪክ መዝጋቢን መረጡ። የኦብጀክት የመረጃ ቋት አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ኦብጀክቶቹን በፈጠረው ሶፍትዌር በኩል ነውና።

የኤስአይኤል ፊልድወርክስም በዚሁ መንገድ አልፏል። ሰባተኛው እትም መረጃን በኔትወርክ ለመጋራት ዲቢፎርኦ በተባለው የኦብጀክት የመረጃ ቋት ይጠቀም ነበር። ኋላ ያ ቀርቶ፣ የፕሮግራም ሠሪዎች የለውጥ መዝጋቢ የሆነው ሜርኩሪያል ለመጋራቱ ሥራ ተተካ። ሆኖም ኦብጀክቱ አልተጣለም፤ እያንዳንዱ ኦብጀክት ከዓይነቱ፣ ከመለያውና ከባለቤቱ ጋር በኤክስኤምኤል ጽሑፍ ይቀመጣል።

እንግዲህ የጽሑፍ ፋይልን ኋላ ቀር የሚለውም፣ ኦብጀክትን ትርፍ ጣጣ የሚለውም ሁለት ጥያቄዎችን አደባልቋል። መረጃው እንዴት ይተንተን ለሚለው ኦብጀክት መልካም መልስ ነው፤ እንዴት ይቆይ ለሚለው ግን ማንም ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ይበልጣል። በማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሆነ በሌላ ተቋም የሚጠናቀር መዝገበ ቃላት በሥራ ላይ ካለው ቋት በተጨማሪ፣ መለያዎቹንና የመደቦቹን መግለጫ የያዘ የጽሑፍ ቅጂ በየጊዜው በቤተ መጻሕፍት ሊኖረው ይገባል። አለዚያ የሶፍትዌሩ ዕድሜ ሲያበቃ የብዙ ዓመት የመስክ ሥራ አብሮ ይዘጋል፤ ተናጋሪ የነገረውንም ቃል ዳግመኛ ለመጠየቅ ሁልጊዜ አይቻልም።