ስለ ጠረጴዛ መብራትና ስለ ሰው አገር በጋ

በአዲስ አበባ የእጅ ሥራ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በአንዳንዶቹ አንድ ዓይነት የጠረጴዛ መብራት ይታያል። ግንዱ ሸክላ ነው፤ ሸክላው ግን በነጭ ቀለም ተለብጧል። ቆቡ ከሣር የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ ግን ሆን ተብሎ እንዲላላ ተደርጓል። ሻጩ ሲያስረዳ፥ የሥራው አሳብ የተገኘው ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ በጋ፥ በኖራ ከተለሰኑት ቤቶችና ከሰማያዊው ውሃ ነው ይላል። ዕቃው ለዓይን ማማሩን አንክድም። ልንመረምረው የምንፈልገው ከባለሙያዪቱ እጅ ምን እንደሚወስድና ለተጠቃሚው ምን እንደሚሰጥ ነው። ለመመዘኛም ከሱቁ መስታወት ይልቅ በውርጌሳ ያለ የአንድ ተማሪ ጠረጴዛ ይሻለናል፤ መብራት እዚያ የሚበራው ደብተር ለማየት ነውና።

ውርጌሳ በሰሜን ወሎ፥ በሀብሩ ወረዳ፥ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ላይ፥ ውጫሌን አልፎ መርሳ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ናት። የሜዲትራኒያን በጋ የሚባለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ወራት ነው። በዚያ ወራት እዚያ ዝናብ እጅግ ጥቂት ነው፤ በሮም ከተማ ፀሐይ በሰኔ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ትቆያለች። በውርጌሳ ግን ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው፤ ደመናው ቀኑን ያጨልመዋል፥ መብራትም ቀድሞ ይፈለጋል። ፈረንጆች በጋ የሚሉትን የዕረፍት ጊዜ ትምህርት እኛ በየኮሌጁ የክረምት ትምህርት እንለዋለን፤ ትክክልም ነው። እንግዲህ የእነርሱ በጋ በቀን መቁጠሪያችን ላይ ሲወድቅ ዝናብ ይሆናል ማለት ነው። (ከውርጌሳ እምብዛም በማይርቀው በውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣልያንኛ በመለያየቱ ምን እንዳስከተለ አንባቢ ያውቃል። የመብራት ነገር እዚያ ባይደርስም፥ ከዚያ ባሕር ማዶ የመጣን አሳብ ትርጉሙን ሳያጣሩ መቀበል ልማድ እንዳይሆን ያሰጋል።)

መዋስ ራሱ ነውር ነው አንልም። ፋኖስ የሚለው ቃል መነሻው የግሪክ ነው፤ ቀንዲል ሥሩ ከላቲን ይመዘዛል፤ አባጆራ የምንለውም የፈረንሳይ ቃል ነው። በአንደኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የተጻፈው የግሪክ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ጥቂት የወይራ ዘይት ይቈጥራል። በሜዲትራኒያን አገር የሸክላውን መብራት ያበራ የነበረው ይህ ዘይት ነው። እኛም ወይራ አለን፤ ነገር ግን የዱሩ ወይራ ዘይቱ ሳይሆን ጢሱ ነው የተፈለገው፤ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። ለመብራት ያገለገሉን ኑግና ሰም ናቸው። ኋላም ላምባ መጣ፥ ከላምባም ጋር ኩራዝ። ኩራዝን ልብ ብሎ ላየው የጥንቱ የግሪክ መብራት ዘመድ ነው፤ አንድ ሆድ፥ አንድ አፍንጫ፥ አንድ የጥጥ ክር። ዳሩ ግን የቆርቆሮ ሠራተኛው ከተጣለ ጣሳ ቈርጦ ስለ ሠራው፥ ለድኻውም ቤት ስለ በቃ፥ የውጭ ነው የሚለው የለም። ጢሱ አፍንጫ ማጥቈሩ እርግጥ ነው። ቢሆንም ጦርነቱ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሰሜን ወሎን ባወከበትና የኤሌክትሪክ መስመር በተቋረጠበት ጊዜ፥ የቤቱ ሰው በእጁ የነበረውን እንዲህ ያለ መብራት ንቆ ሊጥለው አይችልም ነበር።

አሁን ወደ ስፌቱ እንመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። የወሎ ሴቶች ስፌት ውስጡ ስንደዶ ነው፤ በላዩ አክርማ ይጠመጠማል፤ ወስፌው እየበሳ አንዱን ዙር ከቀደመው ጋር ያጣብቀዋል። በቀለም የተነከረው አለላም ጌጡን ያወጣል። የሙያው መለኪያ ጥብቀት ነው። ጤፍ የሚያፈስ ሰፌድ ለሰፊዪቱ ኀፍረቷ ነው፤ እናት ልጇን ስታስተምር የላላውን ዙር አስፈትታ እንደገና ታሰፋታለች። የሜዲትራኒያኑ ቆብ ግን ከቀርከሃ መሰል እንጨት በላላ አሠራር የሚጐነጐን ነው፤ ብርሃኑም በቀዳዳው እየሾለከ በግድግዳው ላይ የጥላ መስመር ይጥላል። ሱቁ ይህን ጥላ ፈልጎ የኛይቱን ባለሙያ «አላልተሽ ስፊ» ይላታል። ይኸውም ዕድሜዋን ሙሉ ስሕተት ነው ተብላ የተማረችውን ሥራዬ ብላ እንድትሠራ ማዘዝ ነው። ውጤቱም ያስታውቃል፤ ያየናቸው ቆቦች በጥቂት ጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ናቸው፤ ዙሮቹ የሚደጋገፉት በመጠባበቃቸው ነበርና።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ጥብቁ ስፌት ለመብራት የተሻለ መሆኑ ነው። ብርሃን የማያሳልፍ ቆብ ብርሃኑን ወደ ላይና ወደ ታች ይከፍለዋል፤ የታችኛው በመጽሐፉ ላይ ይወድቃል፥ የአንባቢው ዓይን ግን ከአምፖሉ ይጋረዳል። በመስመር መስመር የተቈራረጠ ብርሃን ለእራት ግብዣ ይስማማ ይሆናል፤ ሒሳብ ለሚሠራ ተማሪ ግን ድካም ነው። በፊት በክር የሚነደው አምፖል ሙቀቱ ሣሩን እንዳያሳርር ያሰጋ ነበር፤ ዛሬ ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፖል ሙቀቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ሥጋቱ ቀሏል። ስለዚህ ቆቡ እንደ መሶብ ክዳን ጥብቅ ሆኖ፥ ከላይ እፍ የሚልበት ቀዳዳ ተትቶለት፥ ውስጡም ብርሃን እንዲመልስ ካልተነከረ ነጣ ያለ አክርማ ቢሰፋ፥ አለላው ወደ ውጭ ቢሆን፥ ያለ ምንም ብድር የተሟላ መብራት ይወጣዋል።

ስለ ሸክላው ብዙ አንልም። ሸክላ ሠሪዋ ገላውን በጠጠር እያሸች ያወጣችው ልስላሴና እሳቱ የተወበት ጥቁርና ቀይ ነጥብ በነጩ ቀለም ሥር ይቀበራል። ሸክላ ሠሪዎች በአገራችን ለረጅም ዘመን የተናቁ መሆናቸው ሲታሰብ፥ የእጃቸውን ምልክት ሸፍኖ መሸጥ ከጌጥ ያለፈ ትርጉም አለው።

ነጋዴው ገዢ የሚፈልገው ይህን ነው ሊለን ይችላል፤ ይሁን። ግን አንድ ነገር እናስተውል። የላላ ቆብ በጥቂት ቀን ያልቃል፤ ጥብቁ ሳምንታት ይፈጃል፥ ሰፊዪቱም በዚያው ልክ ልትከፈል ይገባታል። ሱቁ የላላውን ሲመርጥ ምክንያቱ የባሕር ዳርቻው ውበት ብቻ ነው ብለን ለማመን ይቸግረናል።