በፋሲካ የሚፈተን ኮባ

መስከረም ላይ መጥፎ ኮባ የለም። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ የከረመ ተክል ማንም ቢተክለው ቅጠሉ ይንዠረገጋል፤ የእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦም ኮባ አጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የአንድን ግቢ ኮባ መመዘን የፈለገ ሰው በፋሲካ ሰሞን ይምጣ። ያን ጊዜ የጥቅምትና የኅዳር ብርድ አልፎበታል፣ የበጋው ፀሐይ ጠብሶታል፣ ነፋሱም እንደልቡ ተጫውቶበታል። በዚያ ወር ሰፊና ያልተተለተለ ቅጠል የሚሰጥ ኮባ ባለቤቱ የደከመበት ኮባ ነው።

ፈተናው በምሥራቅ አዲስ አበባ ይጠናል። የድሮዎቹ የቦሌ ቪላዎች አጥራቸው ከፍ ያለ፣ ዛፋቸውም የቆየ ስለሆነ ኮባው ተከልሎ ያድጋል። ከገርጂ አልፎ ወደ ሰሚት፣ ሲኤምሲና አያት ሲኬድ ግን ገና ዛፍ ያልያዘው ግቢ ብዙ ነው። የኮባ ቅጠል ጅማቶች ከመሀል ወደ ዳር ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ነፋስ በመካከላቸው እየገባ እንደ ጥብጣብ ይሰነጣጥቀዋል። አዋቂ ሰው የሚተክለው ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጥግ፣ እቃ የታጠበበት ውሃ ከሚፈስበት ነው። ውሃውም፣ አመዱም፣ የቡናው አተላም እዚያው ይደርሰዋል። ለውበት ብሎ በር ላይ፣ መኪና መግቢያው አጠገብ የተከለ ሰው ከበዓል በፊት የሚያገኘው ጭራሮ ነው። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በበርሜል የሚያሳድጉም አሉ፤ አልነቅፍም፣ ግን ሥሩ የታፈነ ኮባ ለዓይን እንጂ ለዳቦ አይደርስም።

አሁን ወደ ቅጠሉ። ከመሀል ተጠቅልሎ የቆመው አዲሱ ቅጠል አይነካም። ለጋ ስለሆነ እሳት ሲያየው ይኮማተራል፤ እሱን መቁረጥ ደግሞ ተክሉን ወደ ኋላ መጎተት ነው። የታችኞቹ አርጅተዋል፣ ዳራቸውም ደርቋል። የሚፈለገው ከጥቅሉ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጉት ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ነው። ወደ ብርሃን አንስተው ይዩት፤ ቀዳዳና ስንጥቅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ከዚያ ጫፉን እጥፍ ያድርጉት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ቆይቷል። በእሳት ለብለብ ሲደረግ ወዙ ወጥቶ ከጠቆረና እንደ ልብ ከተጣጠፈ ግን ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። በበዓል ዋዜማ ከገበያ የሚገዛ ሰው ጥቅሉን ሳያስፈታ ገንዘብ አይቁጠር፤ ሻጭ ደህናውን ከላይ አድርጎ የተተለተለውን ውስጥ ቢጠቀልል አይገርምም።

የመጨረሻው ዳኛ ዳቦው ነው። ከምጣድ ወጥቶ ሲገለበጥ ቅጠሉ ሳይቀደድ መልቀቅ፣ የጅማቶቹም መስመር በዳቦው ቆዳ ላይ ታትሞ መታየት አለበት። ቅጠሉ ቡናማ ይሁን እንጂ አይረር፤ ያረረ ኮባ ዳቦውን ጢስ ጢስ ያሰኘዋል። መሀል ለመሀል የሚሄደው ወፍራም ጅማት በቢላዋ ካልሳሳ ደግሞ ሊጡን ከስር ይገፋውና ዳቦው ጎባጣ ይሆናል። ይህ የጋጋሪዋ ጥፋት ነው፣ በኮባው አይላከክ።

ኮባ የምንለው በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ ቆጮና ቡላ የሚሆነውን እንሰትን ነው። በ1853 እ.ኤ.አ. በምፅዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ለንደን ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ልኮ ነበር፤ ዛሬ ቅጠሉ ቀላ ያለው ዓይነት በአውሮፓ ግቢዎች ለጌጥ ይተከላል። ለጌጥ ቀዩን አመሰግናለሁ፤ ለድፎ ዳቦ አረንጓዴውን ስጡኝ።

የመስጠት ነገር ሌላው መለኪያ ነው። «እትዬ፣ ለዳቦ የምትሆን አንድ ሁለት ኮባ ይኖርዎት ይሆን?» ተብሎ እምቢ የሚባልበት ደጅ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ለሁሉም እሺ የሚል ሰው ኮባውን ራቁቱን ያስቀረዋል። በበዓሉ ማግስት ግቢውን ይዩት፤ በእኔ ሚዛን ከጥቅሉ ሌላ አምስት ጤናማ ቅጠል ያልቀረለት ኮባ ያለ ልክ ተቆርጧል። መቁረጡም በስለት ይሁን። ቅጠልን ወደ ታች መዝንጠል ግንዱን ይልጠዋል፤ ግንድ የሚመስለው እርስ በርሱ የተደራረበ የቅጠል እግር ነውና።

ችግኝ መስጠት ግን ከቅጠል እጅግ የሚበልጥ ስጦታ ነው። በብዙ አገር በየበረንዳው የሚያድጉት የአናናስ ዘመዶች፣ ብሮሜሊያድ የሚባሉት፣ ከኮባ ጋር የሚመሳሰል ጠባይ አላቸው፤ ብዙዎቹ በቅጠላቸው ሥር የዝናብ ውሃ ይይዛሉ፣ አንዴ አብበውም ይሞታሉ። ልዩነቱ፣ እነሱ ከመሞታቸው በፊት ከጎናቸው ልጆች ያወጣሉ፤ ጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጠውም እነሱን ነው። ኮባ በፈቃዱ አይወልድም። ሁለት ሦስት ዓመት የሆነውን ተክል ከመሬት አጠገብ ቆርጦ፣ ከአሚቾው (ከመሬት በታች ካለው ወፍራም ግንዱ) ላይ የሚያድገውን ልብ ፈልፍሎ አውጥቶ፣ ፍግ በተቀላቀለበት አፈር መቅበር ያስፈልጋል። ከዚያ ነው ዙሪያውን ከ40 እስከ 200 ችግኝ የሚወጣው። ስለዚህ ችግኝ ይዞልዎት የመጣ ሰው አንድ እናት ሠውቶ ነው። ሲቀበሉም ቁመቱ አያታልልዎት፤ እግሩ ደንደን ያለ፣ ሥሩ ነጭ የሆነ አጭር ችግኝ ከረጅም ቀጭኑ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት የሚታይ ግን ጤናው ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በአገራችን በ1968 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሙዝንም ይይዛል። ምልክቱ የመሀሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ መውደቅ ነው፤ የቅጠሉ እግር ሲቆረጥም ቢጫ የሚያዳልጥ ፈሳሽ ይወጣል። መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበር ነው። ከተክል ወደ ተክል ዋና ተሸካሚው ደግሞ ስለት ነው። እባክዎ ቢላዋዎን ከእያንዳንዱ ኮባ በኋላ በእሳት ያሳልፉት፤ ቅጠል ሊወስድ የመጣ ጎረቤትም የራሱን ትቶ በእርስዎ ቢላዋ ይቁረጥ።