መጀመሪያ ከመኪናው ሥር ግቡ

የሳይክል መጫኛ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ሳይክሉ ላይ ነው። ስንት ይይዛል፣ ይታጠፋል ወይ፣ ይቆለፋል ወይ፣ ቀለሙ ከመኪናው ጋር ይሄዳል ወይ ይለኛል። እኔ ደግሞ ካርቶን አንጥፌ ፓራውልቱ ሥር እገባለሁ። ጥያቄውን ሳልመልስለት ስለምተኛ አንዳንዱ ቅር ይለዋል። ግን መጫኛው የሚመረጠው እዚያ ታች ነው፤ ሌላው ሁሉ በኋላ ይደርሳል።

የብየዳ ቤቴ ቡራዩ፣ የአምቦ መንገድ ላይ ናት። እንጀራዬ በርና መስኮት ነው። የሳይክል መጫኛ ሥራ የመጣው ኤሌክትሪክ ሳይክል መታየት ከጀመረ ወዲህ ሲሆን፣ ከሰበታም ከሱሉልታም እየነዱ ይመጡብኛል። ሦስቱም ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ወደ አዲስ አበባ የሚገቡበት በር ለየብቻ ነው፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ። በሦስቱም ላይ ሲኖትራኩና ተሳቢው ዳር ይዞ ለሚሄድ ባለሳይክል አይራሩም። «ኤሌክትሪክ ከሆነ ራሱ ይሂድ እንጂ ምን ያስጭነዋል?» የሚለኝ ጎረቤት አለኝ። መልሱ ይኸው ነው። ሰዉ ሳይክሉን ጭኖ ዋናውን መንገድ ያሳልፈውና የኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር ያበጀላቸው ጎዳናዎች ላይ ያወርደዋል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እንጦጦ ፓርክ፣ አለዚያም ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ ደን።

የእሽቅድምድም ሳይክል ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። እሱ 8 ወይም 9 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ በአንድ እጅ አንስቶ ፖርቶመጋላው ላይ ማሰር ይቻላል። ጸጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲወዳደር ከኋላ የሚከተሉት የቡድን መኪናዎች ትርፍ ሳይክሎቹን ጣሪያ ላይ የደረደሩት ለዚህ ነው፤ ቀላል ናቸው፣ መካኒኩም በቅጽበት አውርዶ ያቀብላል። ኤሌክትሪኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ይጀምራል፤ ወፍራም ጎማ ያለው 30ን ያልፋል። ያንን ከራስ በላይ አንስቶ ማሰር ወገብ መቁረጥ ነው። ስለዚህ ጭነቱ ከጣሪያ ወደ ኋላ ወረደ፤ ሲወርድ ደግሞ ችግሩን ይዞ ወረደ።

አንድ የሱሉልታ ልጅ ቪትዝ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ሁለት ብቻ ናቸው።»

«ሁለቱ ስንት ይመዝናሉ?»

«ሳይክል እኮ ናቸው ጋሼ! ምን ይመዝናሉ ብለው ነው?»

«እንግዲያው ወፍጮ ቤት ውሰድና ሚዛን ላይ አውጣቸው የኔ ልጅ።»

አንደኛው 31 ኪሎ ሆኖ ተመለሰ። የገዛበት ቤት የነገረው 22 ነበር፤ ባትሪው ሳይቆጠር መሆኑን ማንም አልነገረውም፣ ከባትሪውም ሌላ የጠፋ ኪሎ አለ።

ሂሳቡን ለደንበኛ ሁሉ መሬት ላይ በጠመኔ እሠራለሁ። መጫኛው ራሱ 20 ኪሎ ይሁን፣ ሳይክሎቹ 25፣ 25። ድምሩ 70 ኪሎ ነው። ይህ ክብደት ግን መኪናው ላይ ሳይሆን ከመኪናው ውጭ ነው የሚቀመጠው፤ መሐሉ መጫኛው ከሚታሰርበት ጋንቾ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይርቃል እንበል። ጋንቾው ደግሞ ከኋላ ጎማ መሐል 80 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ 70ው ኪሎ ከኋላው ጎማ በ1 ሜትር ከ40 ርቀት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2 ሜትር ተኩል ላላት ትንሽ መኪና ይህ ምን ያደርጋል? ከፊት ጎማ ላይ 39 ኪሎ ያነሳል፣ የኋላውን 109 ኪሎ ይጭነዋል። 70 ጭነህ 109 ትሸከማለህ። ቪትዝ ደግሞ የምትጎተተው በፊት ጎማዋ ነው። ክረምት ላይ እንጦጦን ስትወጣ መሪዋ የሚቀልለው፣ ጎማዋም ኩርባ ላይ የሚሾረው ለዚህ ነው። ሹፌሩ ጎማው አልቋል ብሎ ጎሚስታ ጋ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ መኪናው ቆሞ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሲዘል፣ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ክብደቱ ይበዛል። እኔ ለመንገዳችን የምይዘው ሦስት እጥፍ ነው። 70ው ኪሎ ለቅጽበት 210 ሆኖ ይመታል ብዬ ነው የምሠራው።

እዚህ ላይ ነው የቱቦላሬው ነገር የሚመጣው። ብዙ ሰው ለበርና ለመስኮት በምንሠራበት 50 በ50፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር በሆነው ቱቦላሬ ሥራልኝ ይላል፤ ርካሽ ነው፣ ሲያዩትም ወፍራም ነው። ከላይ ባስቀመጥነው ጭነት ይህ ብረት መኪናው ቆሞ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር 9 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ተራ ብረት ላይመለስ መታጠፍ የሚጀምረው 24 ኪሎ ገደማ ላይ ነው። ሦስት እጥፍ ሲመታ 27 ይደርሳል፤ አለቀ። ያው 50 በ50 ሆኖ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ቆሞ 5፣ ሲመታ 15 ነው። ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ቀለም ከተቀቡ በኋላ የሠራቸውም ሰው አይለያቸው። ስለዚህ ብረቱ ሲቆረጥ ቆማችሁ እዩ፣ ካሊፐር አስገቡበት። ሱቁ «ሁለት ሚሊ» ብሎ የሸጠልኝ ብረት ሲለካ ሁለት ያልሞላበት ጊዜ ብዙ ነው።

ብየዳው ራሱ ሌላ ነገር ነው። የበር ብየዳ ቢሰነጠቅ በር ያንቋርራል፤ የመጫኛ ብየዳ ቢሰነጠቅ 60 ኪሎ ብረት ከኋላ በሚመጣ ባጃጅ ፊት ይወድቃል። ማዕዘኑ ላይ ሦስት ማዕዘን የላሜራ ድጋፍ ሳይገባ የሚወጣ ሥራ አልወድም።

ወደ መኪናው ሥር ልመለስ። ሃይሉክስና የድሮው ላንድክሩዘር ሻንሲ አላቸው፤ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች። ጋንቾው እዚያ ላይ በቡሎን ሲታሰር ጭነቱ የሚያርፍበትን ያውቃል። ቪትዝና ያሪስ ግን ሻንሲ የላቸውም፤ አካላቸው ራሱ ነው የሚሸከመው። ከኋላ በኩል ተኝቼ ሳይ የማየው የስኮርታውን ጎድጓዳ ማስቀመጫ ነው፤ ስስ ላሜራ። ሰዎች ቡሎን አሳልፈው የሚያስሩት እሱ ላይ ነው። ይበሳል፣ ይለጠጣል፣ ውኃ ያስገባል። ቢያንስ ከግራና ከቀኝ ወደ ፊት የሚሄዱትን ሁለቱን የታጠፉ ብረቶች ፈልጎ፣ በሁለቱም ላይ ሰፋ ያለ ላሜራ ከውስጥ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል። ማርሚታውንም እዩ፤ አፉ ወደ ሳይክሉ ጎማ የዞረ ከሆነ ጎማውን ያቀልጠዋል።

የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከታገደበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቶልኛል። እሱ ወለሉ ሥር ሙሉ ባትሪ ነው። ትራፓኖ ይዞ እዚያ መግባት አይሞከርም፣ ብየዳማ ጭራሽ። ለነዚህ አምራቹ ራሱ ቀዳዳ ባዘጋጀበት ቦታ በቡሎን ብቻ የሚታሰር ጋንቾ ካልተገኘ መልሼ እሰዳለሁ። በነዳጅ መኪናም ቢሆን የባትሪውን ገመድ ሳይፈታ ኤሌክትሮድ የሚያስነካ በያጅ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ የመኪናውን ኮምፒውተር ያቃጥላል።

መጫኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሳይክሉን ከመሐል ብረቱ ይዞ ያንጠለጥላል፣ ሌላው ጎማውን ቦይ ላይ አቁሞ ይይዛል። ለኤሌክትሪክ ሳይክል የመጀመሪያውን እርሱት። መሐል ብረቱ ባትሪ ተሸክሞ ይወፍራል፤ የሴት የሚባለው ሳይክል ደግሞ መሐል ብረቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚንጠለጠልበት የለውም። ቢንጠለጠልም ሲወዛወዝ የማኑብሪዮውን ሽቦዎች ይቆርጣል። ጎማ ተሸካሚው ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ ግን ሌላ ምርጫ የለም። ሲገዛ ወይም ሲሠራ የቦዩን ስፋት በራሳችሁ ጎማ ለኩ፤ ለቀጭን ጎማ የተሠራ ቦይ ወፍራሙን አያስገባም። ሳይክሉን እየገፉ የሚያወጡበት መወጣጫ ላሜራም ይኑረው።

ብዙ ሰው ከአሜሪካ ዘመድ የላከለትን ያመጣል። ጥሩ ዕቃ ነው፣ እኔ ከምሠራው ይሻላል ብል አላፍርም። ችግሩ መግቢያው ነው። የአሜሪካው ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ጋንቾ ይፈልጋል፤ አንዱ 2 ኢንች፣ ሌላው አንድ ከሩብ ኢንች። እኛ ጋ ያለው ጋንቾ ደግሞ በአብዛኛው ባለ ኳስ ነው። ስለዚህ ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት የጋንቾውን ፎቶ ላኩለት። ቀዳዳውን እኔ ልሥራ ካልኩም ጣጣ አለው። 2 ኢንች 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከ60 በ60፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ከሆነ ቱቦላሬ ብሠራው ውስጡ 54 ይሆናል፤ ከ3 ሚሊ በላይ ክፍተት ይተርፋል። ያ ክፍተት ጫፍ ላይ ሲደርስ ሳይክሉን በጣም ያወዛውዘዋል። ባለ 4 ሚሊው ውስጡ 52 ስለሆነ ይሻላል፤ የቀረውን ከጎን በሚጠብቅ ቡሎን አጠፋዋለሁ። ያለ እሱ ቡሎን ዝም ብሎ በፒን የተያዘ መጫኛ ኮብልስቶን ላይ ሲያንኳኳ ሰፈር ይቀሰቅሳል፤ ፒኑንም ይበላዋል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሌላው ማሳሳቻ ነው። ለአንድ ሳይክል 27 ኪሎ ካለ 31 ኪሎ አይጫንበትም፤ ሁለት በ27 ስለሚይዝ አንድ ብቻ ብጭንበት 54 ይችላል የሚል ክርክርም አይሠራም፣ ቦዩና ማሰሪያው ለ27 ነው የተሠራው። የመኪናው ጋንቾም የራሱ ጣሪያ አለው፤ መጫኛውና ሳይክሎቹ ተደምረው ነው ከሱ ጋር የሚነጻጸሩት። ቁጥሩ የወጣው ደግሞ ለአስፋልት ነው። አንዳንድ አምራቾች ላልተነጠፈ መንገድ ቀንሱ ይላሉ፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ ይከለክላሉ። ወደ ሱባ የሚያስገባው መንገድ ያልተነጠፈው ዓይነት ነው።

ከጨረስኩ በኋላ ዳዶውን አጥብቄ ከዳዶው ወደ ላሜራው የሚሻገር ቀጭን ነጭ መስመር በቀለም እቀባለሁ። ከዚያ ሳይክሎቹን ጭነን በገፈርሳ በኩል ኮብልስቶኑንም ጉድጓዱንም እያስገባን ዞረን እንመለሳለን። መስመሩ ዳዶው ላይና ላሜራው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ካየሁት ዳዶው ዞሯል፤ ሮንዴላው ይቀየራል፣ ሁለተኛ ዳዶ ይደረባል። ካልተከፈለ ገንዘቤን እቀበላለሁ። ባለመኪናውም ያቺን መስመር እያየ ይኖራል፤ ቁልፍ ይዞ መተኛት አይጠበቅበትም።

የቀረው ትንሽ ነው። ባትሪውን ፍቱና መኪናው ውስጥ አስገቡ፤ ሦስት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል፣ ሌባም ዝናብም አያገኘውም። የባትሪውን መግቢያ በላስቲክ ሸፍኑት፤ ከኋላ ጎማ የሚረጨው ጭቃ ውኃ ቀጥታ እዚያ ይገባል። ታርጋው፣ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ መሸፈን የለባቸውም። ትራፊክ ቢያስቆማችሁ ክርክር የላችሁም፤ ትራፊክ ባይኖርም ማታ ከኋላ የሚመጣው ሲኖ ፍሬን መያዛችሁን ማየት አለበት። ሌላ መብራትና የታርጋ ቦታ መጫኛው ላይ ለመሥራት ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ለሱሉልታው ልጅ አልሠራሁለትም። ቪትዝ ላይ ሁለት ወፍራም ጎማ ያላቸው ኤሌክትሪክ ሳይክሎች ለማንም አልሠራም፤ አንዱን፣ ያውም ባትሪው ወጥቶ፣ እሠራለሁ። ሁለት ያለው ሰው ፒክአፕ ያለው ጓደኛ ይፈልግ። ሃይሉክስ ወይም ሌላ ሻንሲ ያለው መኪና ያለው ደግሞ በባለ 3 ሚሊው ብረት አሠርቶ ሁለቱን ሳይፈራ ይጫን። ማንኛችሁም ብትሆኑ ግን ጭናችሁ በወጣችሁበት ቀን የመጀመሪያው 10 ኪሎ ሜትር ላይ ቁሙና ቡሎኑን በእጃችሁ ንኩት።