ባለቤት የሌለው ግሥ

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይሉ ነበር አበው። በዚያው አንደበታቸው ደግሞ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ሁለቱ አባባሎች ሳይጣሉ በአንድ ቋንቋ ውስጥ አብረው ኖረዋል። የመጀመሪያው ጉልበተኛን ሁሉ ባለበት ያቆማል። ሁለተኛው ከጉልበተኞች ሁሉ የበላይ የሆነውን አንዱን ከሕግ ያስመልጠዋል። ለመሆኑ የዛሬው የመንግሥት አማርኛ የሚናገረው በየትኛው አባባል መንፈስ ነው? ይህን ለመመለስ አገር ሁሉ ማዳረስ አያስፈልግም፤ ካማሺን ማየት ይበቃል።

ካማሺ ከአባይ በስተደቡብ፣ ወለጋን ተጎራብታ የምትገኝ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዞንና ከተማ ናት። መስከረም 16 ቀን 2011 ዓ.ም. ታጣቂዎች ከስብሰባ ይመለሱ የነበሩ አራት የዞኑን ባለሥልጣናት በመንገድ ላይ ገደሉ። ከዚያ በተቀሰቀሰው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤት ንብረቱን ጥሎ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ተሰደደ። በሚያዝያ 2013 የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሌላ ዜና አሰማ፤ 25,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርበት የካማሺ ዞን ሰዳል ወረዳ ከሞላ ጎደል በታጣቂ ቡድን እጅ ወድቋል የሚል። በ2015 መጀመሪያ የክልሉ መንግሥትና የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። በእነዚህ አራት ዓመታት ካማሺ ጦርም፣ ታጣቂም፣ መግለጫም አልጠፋባትም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መግለጫው ነው። መግለጫ የራሱ ደንብና ወግ ያለው የጽሑፍ ዓይነት ሆኗልና እንደማንኛውም ጽሑፍ ሊሔስ ይገባዋል። ወጉን አንባቢ በቃሉ ያውቀዋል። «እርምጃ ተወስዷል»፤ «በቁጥጥር ሥር ውለዋል»፤ «ተደምስሰዋል»፤ «አካባቢው ወደ ቀድሞ ሰላሙ እየተመለሰ ነው»። ከእነዚህ አንዱን መርጠን የትምህርት ቤቱን የሰዋስው ጥያቄ እንጠይቀው፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው? እርምጃውን ማን ወሰደ? መልስ የለም። ግሡ ተገብሮ ነው፤ ድርጊቱ አለ፣ አድራጊው የለም። ሰዋስዋችን የድርጊትን አድራጊ «ባለቤት» ብሎ መጥራቱ አጋጣሚ ቢሆንም እንኳ ደግ አጋጣሚ ነው። ባለቤት የሌለው ቤት ጣራው ሲያፈስ የሚጠየቅ የለውም፤ ባለቤት የሌለው ግሥም እንዲሁ ነው።

«እርምጃ» የሚለው ቃል ራሱ የኋላ ታሪክ አለው። እርምጃ የእግር ነበር። በ1967 ደርግ ስድሳ ያህል ባለሥልጣናትን በአንድ ሌሊት ካስረሸነ ወዲህ፣ በኋላም በቀይ ሽብር ዘመን፣ «አብዮታዊ እርምጃ» ማለት ጥይት ማለት ሆነ። የሰው ደም በመራመድ ስም ተጠራ። ሥርዓቱ ወድቆ ቅጽሉ ሲሰረዝ፣ «አብዮታዊ» የሚለው ሄደና «እርምጃ» ብቻውን ቀረ። ዛሬም ዜና አንባቢው «እርምጃ ተወሰደ» ሲል ሰው ታሰረ ማለቱ ይሁን ሰው ተገደለ፣ አድማጭ ከድምፁ ቅላጼ መገመት አለበት።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጽሑፍ፣ በ1987 የጸደቀውን ሕገ መንግሥት እንክፈት። ብዙ የሚወቀስበት ነገር ያለው ሰነድ ነው፤ ጦርን የሚመለከቱት አንቀጾቹ ግን በሰዋስው ረገድ ከመግለጫው የተለየ ጠባይ አላቸው፤ ባለቤት አላቸው። ጦር በአገር ውስጥ ለጸጥታ የሚሰማራባቸው በሮች ተቆጥረው ተቀምጠዋል። አንደኛው፣ በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14 መሠረት፣ የክልሉ አስተዳደር ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ ብሎ ሲጠይቅ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ክልል ሕገ መንግሥቱን ጥሶ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ሲጥል፣ በአንቀጽ 62 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የፌዴራሉ መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ ሲያዝ ነው። ሦስተኛው በአንቀጽ 93 የሚታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነም በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል፤ ሁለት ሦስተኛው ካልደገፈው ወዲያው ይሻራል። ዕድሜው ስድስት ወር ነው፤ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። የሚመረምረው ሰባት አባላት ያሉት ቦርድ ይቋቋማል።

ከአሶሳ ሆነን ስናነበው ደግሞ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ክልል በራሱ የአስቸኳይ ጊዜ ሊደነግግ የሚችለው ለተፈጥሮ አደጋና ለበሽታ ብቻ ነው። ለጸጥታ ሲሆን አሶሳ ያላት መንገድ የራሷን ፖሊስ ማሰማራት፣ ካልቻለች መጠየቅ ነው። እንግዲህ ጦር ካማሺ በገባ ቁጥር አንድ የተጻፈ ጥያቄ ወይም አንድ የታወጀ አዋጅ መኖር አለበት። ማን ጻፈው? በየትኛው ቀን? እስከ መቼ ድረስ? የተለመደው መግለጫ ግን ይህን አይነግረንም። በምትኩ ሌላ ስም ይሰጠናል፤ «ኮማንድ ፖስት»። ይህን ስም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የፈለገ አያገኘውም። በ2009ና በ2010 በታወጁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ገባ፤ አዋጁ በግንቦት 2010 ሲነሣ ስሙ ግን አልተነሣም። በምዕራቡ አገር፣ ከወለጋ እስከ መተከል፣ ሰው እንደ ቀበሌ ለመደው። በ2015 እንዲፈርስ የተወሰነው የክልል «ልዩ ኃይል»ም በሕገ መንግሥቱ ስሙ ያልተጻፈ ጦር ነበር። ሕጉ የማያውቀውን ስም ሕጉ እንዴት አድርጎ ይወስነዋል?

«ሰው እየታረደ አንቀጽ የሚቆጠረው እንዴት ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ይሁንና አንቀጾቹ መንግሥት ኃይል እንዳይጠቀም አይከለክሉም፤ እንዲያውም የዜጋን ሕይወት ማዳን ግዴታው ነው። የሚጠይቁት ባለቤት ብቻ ነው። ባለቤት መጥፋት ደግሞ የሚጎዳው ጦሩ ሲበዛ ብቻ ሳይሆን ሲጠፋም ነው። ሰዳል ወረዳ በታጣቂ እጅ ስትወድቅ፣ ወረዳዋን መጠበቅ የነበረበት ማን ነበር? የክልሉ ፖሊስ? የፌዴራል ፖሊስ? መከላከያ? ኮማንድ ፖስት? አራቱም ኃላፊ ከሆኑ ማንም ኃላፊ አይሆንም። የካማሺ ገበሬ አንድ ጊዜ ከልክ ባለፈ ኃይል፣ ሌላ ጊዜ በኃይል መጥፋት ተጎድቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ የሚከሰው አላገኘም።

ሕጉም ቢሆን ከሒስ አያመልጥም። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም የማይታገዱ መብቶችን ሲዘረዝር ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለውን አንቀጽ 18ንና እኩልነትን የሚደነግገውን አንቀጽ 25ን ይጠቅሳል፤ በሕይወት የመኖርን መብት የያዘውን አንቀጽ 15ን ግን አይጠቅስም። አንድን ሰው ማሠቃየት ምንጊዜም ክልክል ነው ብሎ ስለ መግደል ዝም የሚል ዝርዝር ጎዶሎ ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ነው፤ በዚያ የሕይወት መብት በምንም ጊዜ አይታገድም፤ በአንቀጽ 9 መሠረት ቃል ኪዳኑ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ይህን የሚያውቅ ግን ሁለቱን ሰነዶች አጋጥሞ ያነበበ ብቻ ነው። ጠመንጃ የያዘው ወጣት ወታደር እንዲያጋጥማቸው አይጠበቅም፤ በአንድ ገጽ፣ በግልጽ አማርኛ ሊነገረው ይገባ ነበር።

ባለቤት የሌለው ግሥ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ከካማሺ አባይን ተሻግረን መተከል እንግባ። በየካቲት 2014 ጉባ ወረዳ አይሲድ ቀበሌ ሰው ከነሕይወቱ ሲቃጠል የሚያሳይ ፊልም ከጥቂት ቀናት በኋላ አገር ምድሩን አዳረሰ። መንግሥት ድርጊቱን አወገዘ፤ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑም የመንግሥት የጸጥታ ኃይል አባላት በግድያው እንደ ተሳተፉ አረጋገጠ። በዚያ ፊልም ላይ የነበሩት ሰዎች ፊታቸውን አልሸፈኑም ነበር። ፊታቸውን ለመሸፈን ያልተጨነቁት ከዚህ በፊት በሰሙት መግለጫ ሁሉ አድራጊ ስም ኖሮት ስለማያውቅ ይሆን?

ግሥ ባለቤቱን መልሶ ያገኘበት ጊዜም አለ። በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግን መሪዎች ከሶ ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ሲጀመር፣ «እርምጃ ተወሰደ» ሲባል የኖረው ሁሉ በክስ ወረቀት ላይ «እገሌ አዘዘ፣ እገሌ ገደለ» ተብሎ ተጻፈ። ከመዛግብት የወጡ ፊርማዎች ለማስረጃ ቀረቡ። ፍርዱ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ያ ችሎት ብዙ ተወቅሷል፤ አንድ ነገር ግን አስተምሯል። የሚጠየቅ ሰው የሚገኘው ፊርማ ሲኖር ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም ያዘዘውንም የታዘዘውንም በየድርሻቸው ያስጠይቃል። ትእዛዙ ሕጋዊ ሆኖ በጽሑፍ ቢሰጥ የሚጠቀመው ደግሞ ወታደሩም ነው፤ ነገ ብቻውን አይቆምም።

ይህ ሁሉ የጋዜጠኛና የጠበቃ ጉዳይ እንጂ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ምን አገባው የሚል ካለ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ጉሙዙም በርታውም ስለራሱ ሞት የሚወጣውን መግለጫ የሚሰማው በእኛ ቋንቋ ነው። በ1890 የአፄ ምኒልክ ጦር ቤኒሻንጉልን ሲይዝ ይህ ቋንቋ ከጠመንጃ ጋር ገባ፤ እስከ 1934ቱ የባርነት ክልከላ አዋጅ ድረስና ከዚያም ወዲህ የዚያን አገር ሰው በማዋረጃ ስም ሲጠራው ኖረ። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባላችን እዚያ ደርሷል፤ «በሕግ አምላክ» ግን ገና በመንገድ ላይ ነው። እንዲደርስ ከተፈለገ አንድ ትንሽ ሥራ አለ። ከእንግዲህ «እርምጃ ተወሰደ» የሚል ዜና የደረሰው አዘጋጅ ሁሉ ዜናውን ከማተሙ በፊት መልሶ ይጠይቅ፤ ማን ወሰደ? በማን ጥያቄ? በየትኛው አንቀጽ? መልስ ካላገኘ፣ መልስ አለማግኘቱን ራሱን ዜና አድርጎ ያትመው።